«ይሄ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት

ሠዓሊ ጓደኛዬ የምትሠራው ከአያት አልፎ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ምድር ቤት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ክፍሏ ሱቅ እንድትሆን የተሠራች ናት፤ ፊቷ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት የብረት በር ነው። ከፊት ለፊት ያላለቀ ሕንፃ ቆሟል። ከሕንፃው ጀርባ ባህር ዛፍ የለበሰ ኮረብታ ይታያል። የከተማው ጫፍ ነው። ኪራዩ መሀል ከተማ ካለው ይቀላል፤ ብርሃኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም።

ባለፈው ጥር ሄጄ ግድግዳው ላይ አንድ አዲስ ሥራ ተሰቅሎ አገኘሁ። ወረቀቱ ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ያለው ቀለም ጥቁር ብቻ ነው። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ ዛፍ የለበትም። በግራ በኩል መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ጥቁር ምት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከእሱ በስተቀኝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ተጠላልፈዋል። ከታች ግራጫ ነገር ተንጣሏል፤ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል። ከላይ በስተቀኝ ያለው ሲሶ ያህሉ ግን አልተነካም። ባዶ ወረቀት ነው።

በሩ ክፍት ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ጎራ ይላል። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ምንድን ነው?» በጥያቄው አልፈርድም። እኔም ጠይቄዋለሁ። ግን እዚያ ላይ ሙጭጭ ካልን ወዴትም አንሄድም። አንድ ዓመት ያህል እየተመላለስኩ ስትሠራ አይቻለሁ። ለእኔ በሩን የከፈተልኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ይሄ እንዴት ሆነ? እጇ እዚህ ጋ ምን አደረገ?» ዛሬ በዚህኛው ጥያቄ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። እንዲህ ያለውን ሥራ ረቂቅ ሥዕል እንለዋለን። ቃሉ ሁለት ቦታ ይውላል። «ረቂቅ አዋጅ» ስንል ገና ያልጸደቀ፣ የሚታረም ማለታችን ነው። «ረቂቅ ነገር» ስንል ደግሞ አለ፣ ነገር ግን በእጅ አይዳሰስም፣ በቀላሉ አይጨበጥም ማለታችን ነው። ሥዕሉ ስሙን ያገኘው ከሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው ግን ሳይታወቀው በመጀመሪያው ይሰማዋል። «ገና አላለቀም እንዴ?» የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። በቅኔ ያደግን ሰዎች ነን። ሰም ካየን ወርቁን እንፈልጋለን። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ስንቆም ከበስተጀርባው የተደበቀ አንድ መልስ ያለ ይመስለናል፤ ሠዓሊዋ የምታውቀው፣ እኛ ያልደረስንበት። እዚህ ወረቀት ላይ የተቀበረ ወርቅ የለም። ያለው ሁሉ ፊት ለፊት ነው። አንዲት ሴት በጥሩ ጥለት የተሠራ ነጠላ ስትለብስ «ጥለቱ የምን ምስል ነው?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ጥለቱ እንዴት እንደወረደ፣ ቀለሙ እንዴት እንደተዋደደ ነው የምናየው። ያንኑ ዓይን እዚህም ይዞ መምጣት ይቻላል።

ደግሞ ረቂቅ ሥዕል ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። አንድ ቀን መሳቢያዋን ከፍታ ሦስት ትንንሽ ወረቀቶች አሳየችኝ። በመጀመሪያው ላይ ከፊት ለፊት ያለው ያላለቀ ሕንፃ አለ። ዙሪያውን የታሰረው የአጣና መወጣጫ፣ ገመዱ፣ ላዩ ላይ የቆሙት ሠራተኞች፣ ሁሉም ይለያል። በሁለተኛው ሠራተኞቹ የሉም፤ ሕንፃውም የለም። የቀረው አጣናዎቹ እንዴት እንዳዘነበሉና የት እንደተቋለፉ ነው። በሦስተኛው አጣናዎቹም ጠፍተዋል። ከግራ የሚጫን አንድ ክብደት አለ፤ ያንን ክብደት ተሸክመው የሚንገዳገዱ ቀጫጭን ነገሮች አሉ። ትልቁ ሥዕል የተነሳው ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

«እና ሕንፃው ነዋ!» አልኳት።

«ከሕንፃው ተነስቼ ነው፤ እዚያ ግን አልቀረሁም» አለች።

ማርቀቅ የሚባለው ይህ ነው። ከሚታየው ነገር ላይ ስሙን፣ መልኩን፣ ዝርዝሩን እየቀነሱ፣ ሰውነታችን የሚያውቀውን ክብደት፣ ዘመም ማለት፣ መጠላለፍና ክፍተት ማስቀረት። ሁሉም ሠዓሊ በዚህ መንገድ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። ከምንም ነገር ሳይነሱ እጃቸውን ብቻ ተከትለው የሚጀምሩ አሉ። እሷ ግን እንዲህ ነው የምትሠራው።

አሁን ወደ ቀለሙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ነውና።

እሷ የምትሠራበት ጥቁር ኢንክ በመሠረቱ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው። ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያነሱ ደቃቅ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ተንሳፈው፣ እንዳይዘቅጡና ወረቀት ላይ እንዲይዙ ሙጫ ነገር ይጨመርባቸዋል። ቻይናዎች የጥድ ወይም የዘይት ጥላሸት ከእንስሳ ሙጫ ጋር ለውሰው እንደ ዱላ ያደርቁታል፤ ሲፈልጉ በድንጋይ ላይ ከውሃ ጋር እየፈተጉ ይጠቀሙበታል። የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም ከዚያው ከጥላሸት ነው የተነሱት። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ ያረረ እህል፣ ቅጠል፣ ይህ ሁሉ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ እየተማሰለ ለወራት ይቀመጣል። ከዚያ በመቃ ብርዕ ብራና ላይ ይጻፍበታል። ርዕሱና ቅዱሳን ስሞች በቀይ፣ የቀረው በጥቁር። በየገዳሙ ያሉ መቶ ዓመታትን የተሻገሩ ብራናዎች ዛሬም ጽሕፈታቸው ጥቁር ነው። ምክንያቱ ካርቦን ነው። ብርሃን አያነጣውም። በእስክሪብቶ የጻፋችሁበትን ወረቀት መስኮት አጠገብ ትታችሁ በዓመቱ እዩት፤ ልዩነቱ ይገባችኋል።

በቋንቋችን ቀለም ማለት የሚጻፍበትም ነው፣ የሚቀባውም ነው፣ ትምህርትም ነው። ጎበዝ ተማሪ «የቀለም ልጅ» ነው። ሊቁ ደግሞ «የቀለም ቀንድ» ይባላል፤ ያ ቀለም የሚያዝበት ቀንድ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። አንድ ዕቃ የሰው ማዕረግ ሆነ።

ኢንክ ከሌላው መሣሪያ የሚለየው ስለማይምር ነው። እርሳስ ይጠፋል። የዘይት ቀለም ሲበላሽ ላዩ ላይ ይደረባል። ኢንክ ግን ወረቀቱን እንደነካ ወደ ክሮቹ ይሰርጋል፤ ከደረቀ አለቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የኢንክ ሥዕል ላይ የምናየው እያንዳንዱ ነገር አንድ ጊዜ የሆነና ያልተመለሰ ድርጊት ነው። የተሳሳተውም የተሳካውም እዚያው አለ። ለዚህ ነው «እንዴት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ የሚሠራው። ማስረጃው አልጠፋማ።

እስቲ ያንን ወፍራም ምት ቀረብ ብለን እንየው። ብሩሹ የሠዓሊ ብሩሽ አይደለም፤ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የተገዛ የግድግዳ ቀለም መቀቢያ ነው። ከላይ ጫፉ ላይ ቀለሙ ተጠራቅሞ ድፍን ጥቁር ሆኗል። እዚያ ነው ያረፈችው። ወደ መሀል ሲወርድ ጠርዙ በትንሹ ሰፍቶ ወደ ወረቀቱ ፈሷል። ይህ ማለት እጇ እዚያ ጋ ዘግይቷል፤ ብሩሹ በቆየበት ወረቀቱ ብዙ ይጠጣል። ከዚያ በታች ምቱ ተሰነጣጠቀ። በጥቁሩ መሀል ነጫጭ ጭረቶች ታዩ። ብሩሹ ቀለሙን ጨርሷል፤ እጇም ፈጥኗል፤ ፀጉሮቹ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ እየነኩ አልፈዋል። ቻይናዎች ለዚህ ነጭ ጭረት «በራሪ ነጭ» የሚል ስም አላቸው። እንግዲህ አየነው፦ አረፈች፣ አመነታች፣ ሮጠች። ምናልባት አምስት ሰከንድ። አምስቱ ሰከንድ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።

ቀጫጭኖቹ መስመሮች በብረት ብርዕና በተቀረጸ ሸምበቆ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ በአንድ ትንፋሽ የተሳቡ። ጫፋቸው ላይ የሚንቀጠቀጡ አሉ። «እዚያ ጋ ትንፋሼ አልቆ ነበር» አለችኝ። መስመሮቹ መሀል አንዲት ጠብታ አለች፤ የምስር ፍሬ ታህላለች። በር ላይ ገልባጭ መኪና ሲያልፍ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠና ከብርዑ ላይ ወደቀች። አላደረቀቻትም። ከዚያ በኋላ የሳበቻቸውን መስመሮች ተመልከቱ፦ ሦስቱ ጠብታዋ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለዋል። ቀድመው የተሳቡት ግን ከሥሯ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ የትኛው መስመር ከጠብታዋ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተሳበ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ሥዕሉ ለእኔ ሌላ ሆነ። ደንግጣ ያልተወችው፣ ተቀብላ መንገድ የለቀቀችለት ነገር ነው።

ከታች ያለው ግራጫ ብዙ ውሃ የገባበት ኢንክ ነው። ጠርዞቹን አስተውሉ። መሀሉ ፈዛዛ፣ ዳሩ ጠቆር ያለ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ረከቦት ላይ ጠብ ያለች ቡና ስትደርቅ ዳር ዳሯን ጥቁር ቀለበት ትሠራለች፤ መሀሏ ይሳሳል። ምክንያቱን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አብራርተውታል። የጠብታዋ ዳር ካረፈበት አይነቃነቅም። ከዳር ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል። የተነነውን ለመተካት ከመሀል ውሃ ወደ ዳር ይፈሳል፤ ሲፈስ ቅንጣቶቹን ይዞ ይሄዳል። ቅንጣቶቹ ዳር ላይ ይከማቻሉ። የቡናው ቀለበትና የሥዕሉ ጠርዝ አንድ ሕግ ነው የሠራቸው።

እሷ ይህን ታውቃለች፤ ትጠቀምበታለች። አንድ ጊዜ ቀብታ ታደርቃለች፣ ደግማ ላዩ ላይ ትቀባለች። እያንዳንዱ ንብር የራሱን ጠርዝ ይተዋል። ጠርዞቹን ቆጠርኳቸው፤ አምስት ናቸው። አምስት ጊዜ ጠብቃለች ማለት ነው። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የጥር ነፋስ ደግሞ ደረቅ ነው። ውሃውን ሳይታሰብ ይነጥቃል፤ ጠርዙ ስል ሆኖ ይቀራል። በነሐሴ እርጥበቱ ሲበዛ ወረቀቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ንብሮቹ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ ግራጫው ጭጋግ ይሆናል። የክረምትና የበጋ ሥራዎቿን ጎን ለጎን ሳያቸው ወሩን መገመት ጀምሬያለሁ።

ስለ ባዶው ቦታ ብዙ አልልም። ረስታው አይደለም። ወፍራሙ ምት ከግራ ሲጫን ወደ ቀኝ የሚተነፍስበት ያስፈልገዋል። ባዶውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ብታዩት ሥዕሉ ይጨናነቃል። ሞክሩት።

አሁን ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ። ሰፈሩን የሚጠብቁ ጋሼ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታ ማታ ሻይ ይዘው በሯ ላይ ይቀመጣሉ። በልጅነታቸው ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። አንድ ማታ ገብተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። «ምንድን ነው?» አላሉም። ጣታቸውን በአየር ላይ አንስተው አንዱን ጎባጣ መስመር ተከተሉ።

«ይቺ ድፋት ናት» አሉ። ከዚያ ጠብታዋን አሳዩ። «ይቺ ደግሞ ይዘት።» ቀስ ብለው አዜሙ። ጎባጣው ጋ ድምፃቸው ወረደ፤ ጠብታዋ ጋ ቆም አሉ።

ለማያውቅ ሰው፦ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከጽሑፉ በላይ በሚቀመጡ ምልክቶች ይመራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። ይዘት ነጥብ ነው፤ ድፋት ደፋ ያለ ጎባጣ መስመር። ምልክቶቹ የምንም ነገር ምስል አይደሉም። ድምፅ ምን ማድረግ እንዳለበት ያሳያሉ፤ ውረድ፣ ቁም፣ ሳብ፣ አንቀጥቅጥ። እንግዲህ አንድ ጥቁር መስመር ምንም ነገር ሳይመስል እንቅስቃሴ ሊይዝ እንደሚችል አገራችን ከጥንት ያውቃል። ሠዓሊዋ የዜማ ምልክት አልጻፈችም፤ ጋሼም ይህን ያውቃሉ። ያደረጉት መስመሩን መከተል ነው። ከዚህ የተሻለ የሥዕል አስተያየት ሰምቼ አላውቅም።

«ይሄንን ልጄም ይሠራዋል» የሚሉ አሉ። በቁም ነገር ልመልስ። አዎ፣ ልጅ የሚያምር ምት ሊያወጣ ይችላል፤ የልጅ እጅ ነፃ ነው። ግን ይህ ወረቀት 14ኛው ነው። ከእሱ በፊት 13 ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም። ጥቅሉን አይቼዋለሁ። በአንዱ ወፍራሙ ምት መሀል ላይ ሆኖ ወረቀቱን ለሁለት ገምሶታል። በአንዱ ቀጫጭኖቹ በዝተው ታፍነዋል። ሁለቱ ለእኔ ከዚህም ያምሩ ነበር፤ እሷ ግን አልተቀበለቻቸውም። የትኛው እንደሚቀር፣ መቼ እጅ እንደሚሰበሰብ መወሰን ነው ልጅ የማይችለው። እኔም አልችልም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ረቂቅ ስለሆነ ብቻ ጥሩ የሚሆን ሥዕል የለም። መስመሩ ሁሉ አንድ ውፍረት፣ አንድ ፍጥነት ከሆነ፣ ከየትም ጀምራችሁ የትም ብታዩት ለውጥ ከሌለው፣ ውሳኔ አልተደረገበትም። እንዲህ ያለውም በየኤግዚቢሽኑ አለ።

ይህ መንገድ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕል ሲያሳይ ሰው ተደናግሮ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን ይዞ፣ እየገመሰና እየለጠጠ፣ እስከማይነበብ ድረስ ወሰደው። ፊደሉ ድምፁን ጥሎ ቅርጹ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን ማየት ለአማርኛ አንባቢ ከማንም በላይ ይጣፍጣል።

በኢንክ ደግሞ ሁለት ሰዎችን ላንሳ። ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በ1977 ቤተሰቧ አገር ለቀቀ። ግዙፍ ሸራ ላይ የሕንፃ ንድፎችን ታሰፍራለች፤ በቀጭን ግልጽ አክሪሊክ ትሸፍናለች፤ ላዩ ላይ ደግማ በኢንክ ትሠራለች። ንብር በንብር። እ.ኤ.አ. በ2012 በሠራቻቸው አራት ግዙፍ ሥዕሎች ውስጥ ካይሮ ታሕሪር አደባባይ ላይ ያለው የሞጋማ ሕንፃ አለ፤ የእኛም መስቀል አደባባይ ገብቷል። ግን ሕንፃዎቹ እስከማይለዩ ድረስ ተደራርበዋል።

ሱዳናዊው ኢብራሂም ኤል ሳላሂ እ.ኤ.አ. በ1975 ያለ ፍርድ ታስሮ ስድስት ወር ካርቱም ኮበር እስር ቤት ቆየ። ወረቀት መያዝ ያስቀጣ ስለነበር በቁርጥራጭ ላይ እየሣለ አሸዋ ውስጥ ይቀብር ነበር። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ትልቅ ሥዕል እንዲሆኑ ማሰብ የጀመረው እዚያ ነው። ከተፈታ በኋላ «አይቀሬው» የሚል ትርጉም ያለው ሥዕሉን በጥቁር ኢንክ በዘጠኝ ሰሌዳ ሠራ፤ 1984 እና 85። እሱ ሙሉ በሙሉ ረቂቅ አይደለም፤ ሰዎች አሉበት። ጥቁርና ነጭ ብቻ ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል ለማየት ግን እንደ እሱ ያለ የለም።

አንድ ነገር ለሚገዛ ሰው። ኢንኩ አይነጣም ብያለሁ፤ ወረቀቱ ግን ያረጃል። ርካሽ ወረቀት አሲድ ስላለው እንደ ጋዜጣ ቢጫ ይሆናል፤ ከአሲድ ነፃ መሆኑን ጠይቁ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ መሀላቸው ዳር ዳሩን ካርቶን ይግባ፤ ካልሆነ በክረምት እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ኮንዶሚኒየም ላይ ዝናብ የሚያርሰው የውጭ ግድግዳ ካለ እሱንም ተዉት።

ያ ሥዕል አሁን መስታወት ገብቶለታል። በሩ ፊት ለፊት ሰቀልነው። ጋሼ ማታ ሻያቸውን ይዘው መጡና ቆሙ። ቀና አሉ፣ ጎንበስ አሉ። «ያቺ ይዘት የት ሄደች?» አሉ። የበሩ ብርሃን መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ጠብታዋን ጋርዷት ነበር። አወረድነውና በጎን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።